ከ1180 ወደ 1450፦ ከጎንደር ሆኖ ለኤስኤቲ መዘጋጀት

ይህ ስለ ኤስኤቲ፣ ማለትም ስለ አሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና፣ በኢንተርኔት ላይ የተከፈተ የውይይት ክር ነው። ክሩን የከፈተችው ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምታስጠና መምህርት ናት። የ11ኛ ክፍል ተማሪዋ ፈተናው በሚሰጥበት መተግበሪያ፣ በብሉቡክ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ልምምድ ወስዶ 1180 አምጥቷል፤ 660 በሒሳብ፣ 520 በንባብና ጽሑፍ። እስከ ዋናው ፈተና ሰባት ወር አለው። የሚያመለክተው ሙሉ ወጪ ወደሚሸፍኑ የአሜሪካ ኮሌጆች ስለሆነ ከ1450 በታች ይዞ መቅረብ አይፈልግም። መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ኔትም እንደዚሁ። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው፦ ይደረሳል ወይ? የሚደረስ ከሆነስ በሳምንት ያለውን አሥር ሰዓት የት ላይ ያውለው? እስካሁን 27 መልስ ተሰጥቷል። ብዙ ሰው ከላይ ሁለት ሦስቱን አንብቦ ይወጣል፤ የሚጠቅመው ግን መሀል ላይ ተቀብሯል። ስለዚህ በየቁጥሩ እያነሣሁ ላስቀምጠው።

መልስ 1 በሰላምታ ጀምሮ የፈተናውን ቅርጽ ያስረዳል። ከመጋቢት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ተፈታኝ የሚፈተነው በኮምፒዩተር ነው። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ፣ ሒሳብ 44 ጥያቄ በ70 ደቂቃ፣ መሀላቸው 10 ደቂቃ ዕረፍት። እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ሞዱል ይከፈላል፤ እንግሊዝኛው 27 እና 27፣ ሒሳቡ 22 እና 22። ሲካፈል ለአንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ 71 ሰከንድ፣ ለአንድ የሒሳብ ጥያቄ 95 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ለተሳሳተ መልስ የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ አንድም ጥያቄ ባዶ መተው አይገባም።

መልስ 2 በቅን ልቦና የተሰጠ ነው፤ የድሮ የ12ኛ ክፍል አፕቲቲዩድ ወረቀቶችን ሰብስቦ ይሥራ ይላል። መልስ 3 በቁጣ ነው የመለሰለት። ተማሪው አፕቲቲዩዱንም ሳት እያለ ስለሚጠራው ሁለቱ ይምታታሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም ይላል፤ አንዱ ከብሔራዊ ፈተናው ስድስት የትምህርት ዓይነቶች አንዱ ነው፣ ሌላው ኮሌጅ ቦርድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ፈተና ነው። የምስልና የቁጥር ተከታታይ እየፈታ ሰባት ወር ያቃጠለ ልጅ ኤስኤቲ ላይ አንድም እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ አያገኝም። ነገሩ ትክክል ነው፣ አነጋገሩ ግን ከሚገባው በላይ ከረረ። መልስ 2ን የጻፉት ሰው ተመልሰው ቅር ሳይላቸው አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመሩ፤ ብሔራዊውን ፈተና ችላ እንዳይል። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ እንደነበር አስታወሱ። የአሜሪካው ባይሳካ የሚጠብቀው በር ይኸው ነውና ሁለቱን ጎን ለጎን መያዝ ግድ ይለዋል። ይህ መልስ 4 ሆኖ ተቆጥሯል።

መልስ 5 ማንም ያላነሣውን ዋና ነገር አነሣ። ፈተናው ለሁሉም እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ሞዱል ቀላልና ከባድ ጥያቄ የተቀላቀለበት ነው፤ እዚያ ላይ በተሠራው ልክ ሁለተኛው ሞዱል ከባዱ ወይም ቀላሉ ይመጣል። ቀላሉ የደረሰው ተማሪ ሁሉንም ቢመልስ እንኳ ወደ 700ዎቹ አይጠጋም፣ ጣሪያው ዝቅ ብሏል። የተማሪው 520 የሚነግረን ምናልባት ወደ ቀላሉ ሞዱል መወርወሩን ነው ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግብ ከባዱን ጥያቄ መድፈር ሳይሆን በሞዱል አንድ መመለስ የሚችለውን አንዱንም አለመጣል ነው። ጥንቃቄና ፍጥነት ሲጋጩ በሞዱል አንድ ጥንቃቄ ይቅደም። በየሞዱሉ ነጥብ የማይያዝላቸው ሁለት የሙከራ ጥያቄዎችም ስላሉ፣ አንድ እንግዳ ጥያቄ ቢገጥመው ሳይደነግጥ ምልክት አድርጎበት ይለፍ።

መልስ 6 በሳምንት ሁለት ሙሉ ፈተና ይውሰድ፣ እየወሰደ ይለምደዋል ብሎ ጻፈ። መልስ 7 እዚህ ላይ ነው የገባው። እኔ የክሩ እምብርት የምለውም ይህንኑ ነው። ሙሉ ልምምድ ቴርሞሜትር ነው፣ መድኃኒት አይደለም ይላል። ብሉቡክ ላይ ያሉት ሙሉ ፈተናዎች ጥቂት ናቸው፤ በሳምንት ሁለት የወሰደ ልጅ በአንድ ወር ጨርሶ፣ ለቀሩት ስድስት ወራት ራሱን የሚለካበት ያጣል። በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንድ ይበቃዋል። መሀሉን የሚሞላው የስሕተት ደብተር ነው።

ደብተሩ እንዴት እንደሚያዝም ዘርዝሯል። ለእያንዳንዱ የተሳሳተ ጥያቄ አራት ዓምድ፦ የጥያቄው ዓይነት፣ የመረጠው፣ ትክክለኛው ለምን ትክክል እንደሆነ፣ የመረጠው ለምን ውድቅ እንደሆነ። አራተኛው ዓምድ አድካሚ ነው፣ ተማሪም የሚዘለው እሱን ነው፤ ውጤት የሚመጣው ግን ከእሱ ነው። ቀጥሎ ስሕተቱን ከሦስት ወደ አንዱ መመደብ፦ ትምህርቱን አላውቀውም፣ ዐውቀዋለሁ ግን ጥያቄውን በችኮላ አነበብኩት፣ ጊዜ አልቆብኝ ገመትኩ። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ጥያቄው የጠየቀውን ነገር ማስመር፣ ሦስተኛው በሰዓት መለማመድ። ጥያቄው በሦስተኛው ቀንና በአሥረኛው ቀን መልሱ ተሸፍኖ እንደገና ይሠራል። በሁለቱም ጊዜ ምክንያቱን ተናግሮ ካልመለሰ ከደብተሩ አይሰረዝም። በመገመት ያገኘውም ትክክል መልስ እንደ ስሕተት ይቆጠር ይላል፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

መልስ 8 ከመልስ 7 ጋር ተስማምቶ ጥያቄ የሚገኝበትን ጠቆመ። ኮሌጅ ቦርድ በነፃ የከፈተው የጥያቄ ባንክ አለ፤ በክፍል፣ በርዕስና በክብደት እየለዩ መምረጥ፣ ከነማብራሪያው በፒዲኤፍ ማውረድ ይቻላል። ሲመርጡ በብሉቡክ ልምምዶች ውስጥ ያሉትን ጥያቄዎች የሚያስቀር አማራጭ አለ፤ እሱን ካልነኩ የልምምድ ፈተናው ቀድሞ ይታይና ውጤቱ ሐሰተኛ ይሆናል። ካን አካዳሚ ላይም ከኮሌጅ ቦርድ ጋር የተዘጋጀ ሙሉ ትምህርት በነፃ አለ። ኔት ባለበት ቀን አውርዶ ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ማሳተም፣ መብራት ሲሄድ በእርሳስ መሥራት ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ሰው ካለ ነፃውን ዕቃ እየሸጠ ነው።

ሒሳብ ላይ የገባው መልስ 9 ስለ ዴስሞስ ነው። ብሉቡክ ውስጥ ካልኩሌተሩ ተሠርቶ ተቀምጧል፣ ለሁሉም የሒሳብ ጥያቄ ይፈቀዳል። ምሳሌ ሰጠ፦ 3ኤክስ² − 12ኤክስ + ሲ = 0 አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ሲ ስንት ይሁን? ግራፉን ሲጽፉት ለሲ መንሸራተቻ ይፍጠር ብሎ ይጠይቃል፤ እሱን እየገፉ ኩርባው አግዳሚውን መስመር ነክቶ ብቻ ሲመለስ ማየት ነው፣ 12 ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ሠንጠረዥ ነው። ነጥቦቹ (2፣ 11) እና (5፣ 20) ከተሰጡ ሠንጠረዡን ሞልቶ፣ ከታች ዋይ1ን ከኤምኤክስ1 + ቢ ጋር በእኩል ምልክት ምትክ በሞገድ ምልክት ማገናኘት ነው፤ ኤም 3፣ ቢ 5 ብሎ ራሱ ያወጣል። የእኩል ምልክት ካስገቡ አይሠራም፤ ብዙው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

መልስ 10 የሒሳብ መምህር መሆኑ ከአጻጻፉ ይታወቃል፤ ትንሽ ተቆጥቷል። የእኛ ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና ያለ ካልኩሌተር ስለሚሠለጥን እጁ ጠንካራ ነው፣ ያንን አውልቆ ለማሽን መስጠት ሞኝነት ነው ይላል። የመልስ 9ን የመጀመሪያ ጥያቄ በእጅ ሠራው፤ 144 − 12ሲ = 0፣ ሲ = 12፣ አለቀ። የራሱንም አከለ፦ 2ኤክስ + 3ዋይ = 12 እና 4ኤክስ + ኬዋይ = 24 ስፍር ቁጥር የሌለው መልስ ካላቸው ኬ ስንት ነው? ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ ስለሆነ 6፤ ዴስሞስን እስኪከፍቱ ተመልሷል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ልጁ ማወቅ ያለበት የትኛው ጥያቄ በዓይን፣ የትኛው በእጅ፣ የትኛው በግራፍ እንደሚቀል ነው፤ ይህንንም የስሕተት ደብተሩ ውስጥ ከጥያቄው ዓይነት ጎን መጻፍ ይቻላል።

መልስ 11 አጭር ነው፣ ነጥብ ግን ያድናል። ከሒሳቡ ሩብ ያህሉ ምርጫ የለውም፣ መልሱ ይጻፋል። ሁለት ሦስተኛን 0.66 ወይም 0.67 ብሎ የጻፈ ይወድቃል፤ 2/3 ብሎ መጻፍ ወይም ቦታው እስኪሞላ 0.666 ወይም 0.667 ማድረግ ነው። ሦስት ተኩልን እንደ ድብልቅ ቁጥር ካስገባው ማሽኑ 31/2 ብሎ ያነበዋል፤ 3.5 ወይም 7/2 ይበል። ከዚህ ጋር ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ሲቀንስ ወደ መነሻው እንደማይመለስ፣ 96 በመቶው ላይ እንደሚያርፍ አስታወሰ። የመቶኛና የናሙና ጥያቄ ላይ ጎበዝ ተማሪም ይንሸራተታል። ከአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተወሰደ ናሙና ስለዚያው ትምህርት ቤት እንጂ ስለ ከተማው አይናገርም።

አሁን ወደ 520ው እንምጣ። መልስ 12 የጻፈችው እንግሊዝኛ የምታስተምር ናት፤ እንዲህ ያለ መልስ ሌላ ቦታ አላየሁም። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ስሕተቱ የሚመጣው ከቋንቋው ነው ትላለች። አማርኛ ላይ ዝናቡ አባራ ብለን ነጠላ ሰረዝ አድርገን ልጆቹ ወጡ ብንል ማንም አይወቅሰንም። እንግሊዝኛ ላይ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ ብቻ ከተያያዘ ስሕተት ነው፤ ወይ ነጥብ፣ ወይ ድርብ ሰረዝ፣ ወይ ነጠላ ሰረዝ ከኤንድ፣ ከበት ወይም ከሶ ጋር። ተማሪው በመጀመሪያ ክፍት ቦታው ግራና ቀኝ ያለው ብቻውን መቆም ይችላል ወይ ብሎ ይጠይቅ።

ሁለተኛው የባለቤትና የግሥ ስምምነት ነው። አምስት ሰው መጣ ስንል ግሡ ነጠላ ቢሆን አይከፋንም፤ እንግሊዝኛ ይህን አይምርም። ከዚያ የባሰው የቃል ቅደም ተከተሉ ነው። የብራና መጻሕፍት ስብስብ ስንል ዋናው ቃል፣ ስብስብ፣ መጨረሻ ላይ ከግሡ አጠገብ ይውላል። እንግሊዝኛ ግን ስብስብን ከፊት አስቀድሞ መጻሕፍትን ከግሡ አጠገብ ያደርጋል። ጆሮአችን ቅርቡን ቃል ስለለመደ ግሡን ከመጻሕፍት ጋር አስማምተን ብዙ ቁጥር እንመርጣለን። መድኃኒቱ ኦፍ ካለው ቃል ጀምሮ እስከ ግሡ ያለውን በእርሳስ መሰረዝና የቀረውን ማንበብ ነው። ሦስተኛው አያያዥ ቃላት ናቸው። ምርጫዎቹን ሳያይ በአማርኛ ራሱን ይጠይቅ፦ መሀሉ ላይ የምለው ይሁን እንጂ ነው፣ ስለዚህ ነው፣ ለምሳሌ ነው ወይስ በተጨማሪ? ከወሰነ በኋላ ምርጫውን ይይ። አራቱን አንብቦ በጆሮ የመረጠ ይስታል።

መልስ 13 ሀውኤቨር (ይሁን እንጂ) ሲመጣ ከፊቱ ድርብ ሰረዝ ከኋላው ነጠላ ሰረዝ ነው ብሎ ሕግ አወጣ። መልስ 14 በትሕትና አረመው፤ ሀውኤቨር የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከሱ በፊት ካለው ሐሳብ ጋር የሚያነጻጽር ከሆነ ግን ነጠላ ሰረዙ ከፊቱ፣ ድርብ ሰረዙ ከኋላው ይሆናል። ከባዱ ሞዱል ላይ የሚመጣው ይኸኛው ነው። ሕግ የሸመደደ ሳይሆን ትርጉሙን ያነበበ ይመልሰዋል።

መልስ 15 ስለ ቅደም ተከተል ነው። በእንግሊዝኛው ሞዱል በመጀመሪያ የቃላትና የንባብ ጥያቄዎች፣ ቀጥሎ ሰዋስው፣ መጨረሻ ላይ የአያያዥ ቃላትና በተሰጡ አጫጭር ማስታወሻዎች ላይ የሚመሠረቱ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ስለዚህ ከሰዋስው ጀምሮ ወደ ንባብ መመለስ ይሻላል፣ እያንዳንዱ የሰዋስው ጥያቄ ሠላሳ አርባ ሰከንድ ስለሚወስድ ለንባቡ ጊዜ ይተርፋል ይላል። መልስ 16 ደግሞ መዝለሉ ልጁን ያደናግረዋል ብሎ ተቃወመ። ሁለቱን መንገድ በጥያቄ ባንክ ሞዱል ሠርቶ፣ በሰዓት ይዞ፣ የተሻለውን መያዝ እንጂ በክርክር የሚፈታ አይመስለኝም።

ከመልስ 17 እስከ 19 በቃላት ዝርዝር ላይ የተደረገ ጠብ ነው። አንዱ ሺህ ቃል ይሸምድድ ሲል ሌላው ጊዜ ማባከን ነው አለ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ገሠጸ። ከዚህ ጠብ የሚያዝ አንድ ነገር አለ። ቃሉን ለብቻው የሸመደደ በዐውድ ሲያገኘው ይስታል። ክፍት ቦታውን በጣት ሸፍኖ፣ የራሱን ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ አስቀምጦ ከዚያ ምርጫውን ማየት ነው። በቀን አንድ የሳይንስ ወይም የታሪክ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ ፍሬ ሐሳቡን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ከዝርዝሩ ይበልጣል፤ ፈተናው ላይ ያሉት ምንባቦች ከ25 እስከ 150 ቃል ብቻ ናቸው፣ በየአንዳንዳቸውም አንድ ጥያቄ ነው።

መልስ 20 ፈተናው ቀርቷል፣ አሁን ኮሌጆች አይጠይቁም ብሎ ሁሉንም አናደደ። መልስ 21 በስም እየጠራ መለሰለት፦ ኤምአይቲ በ2014 ዓ.ም. መልሶ ግዴታ አደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ዳርትመዝ፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ ወደ ፈተናው እንደሚመለሱ አስታወቁ፤ ዬልም ተመለሰ፣ እሱ ግን ሌሎች የታወቁ ፈተናዎችንም ይቀበላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውጤቱን ለቅበላ ጨርሶ አያይም። የሁሉንም ድረ ገጽ ማየት ነው። ያከለው ነጥብ ደግሞ ከጎንደር ለሚያመለክት ልጅ ከሁሉም ይበልጣል፦ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦዶይን የውጭ አገር አመልካችን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፣ ለተቀበሉትም የጎደለውን ይሞላሉ። ቀሪዎቹ ብዙዎቹ አቅም ያያሉ።

መልስ 22 ቴሌግራም ላይ ትክክለኛው ፈተና ይሸጣል ብሎ ሊንክ ለጠፈ፤ ወዲያው ተሰረዘ። ከልቤ የምለው ነው፦ አትግዙ። ጥያቄው ከተፈታኝ ወደ ተፈታኝ ስለሚለያይ የተሰረቀ ወረቀት እንዳለ ሆኖ አይገጥምም፤ ተጠርጥሮ ውጤቱ የተሰረዘበት ልጅ ደግሞ የዓመት ልፋቱን ያጣል።

ከዚያ ወሬው ወደ መብራት ሄደ፣ መልስ 23ና 24 ከርዕሱ ወጥተው ስለ ፓወር ባንክና ስለ ሶላር ተጨዋወቱ። ከመሀላቸው አንድ ቁም ነገር ወጣ። በዋናው ፈተና ላፕቶፑ ሦስት አራት ሰዓት በባትሪ መቆየት አለበት፤ ስልክ አይፈቀድም። ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ቀድሞ በሙሉ ልምምድ ሳይሰኩ መሞከር ነው። ኔት የሚያስፈልገው ለመጀመርና መልሱን ለመላክ ነው፤ መሀል ላይ ቢቋረጥ ፈተናው ይቀጥላል። የብሉቡክ የፈተና ዝግጅት ከፈተናው አምስት ቀን በፊት ጀምሮ ይከፈታል፣ የመግቢያ ወረቀቱም ከዚያ በኋላ ነው የሚወጣው። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ ይህን ጨርሶ መንገድ ይጀምር።

መልስ 25 የምዝገባ ስሕተቶችን ዘረዘረ፤ ምነው ቀድሞ በመጣ አልኩ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በላቲን እንደተጻፈው አንድም ፊደል ሳይለወጥ ይገባል፤ ለምሳሌ ጸሐይ የሚለው ስም በትምህርት ቤት ካርዱ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፦ መስከረም 12 ቀን 2000 ዓ.ም. የተወለደ ሴፕቴምበር 23፣ 2007 ይላል እንጂ ሴፕቴምበር 12፣ 2000 አይልም። ሰዓቱም እንደዚያው፤ መግቢያ ወረቀቱ 7፡45 ካለ ለእኛ ከጠዋቱ 1፡45 ነው፣ በሩ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ክፍያው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነና የክፍያ ነፃ ፈቃዱ ለአሜሪካ ተማሪዎች ስለሆነ የዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ዘመድ ቀድሞ ይፈለግ።

በመልስ 26 መምህርቷ ተመልሳ መጣች። መልስ 7 ባለው መንገድ የልጁን 24 የእንግሊዝኛ ስሕተት መድባለች፦ 9 ሰዋስውና ሥርዓተ ነጥብ፣ 4 አያያዥ፣ 6 ቃላት፣ 5 ማስረጃና ድምዳሜ። ሒሳቡ ላይ ከግማሽ በላዩ ጥያቄውን በችኮላ ማንበብ ሆኖ ተገኘ።

መልስ 27 በዚህ ላይ ተመሥርቶ ከልቡ ሠራላት። አሥሩ ሰዓት ሰባቱ ለእንግሊዝኛ፣ ሦስቱ ለሒሳብ። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ሳምንታት ሰዋስውና አያያዥ ብቻ፤ 13ቱ ስሕተት በሕግ የሚታረም ስለሆነ ቶሎ የሚመጣው ነጥብ እዚያ ነው። በየቀኑ ንባቡ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር፣ ፍሬው ግን ከአራት ወር በፊት አይጠበቅ። ሒሳብ ላይ መጨረሻ የተጠየቀውን ቃል ማስመር፤ ኤክስን ፈልጎ አግኝቶ፣ ጥያቄው ግን 2ኤክስን የጠየቀበትን ዓይነት ስሕተት ያስቀርለታል። ሁለተኛው ሙሉ ልምምድ በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በዚያው ላፕቶፕ። የተመዘገበበት ፈተና ቢበላሽ ሁለተኛ ዕድል እንዲኖረው የመጀመሪያውን በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት መጨረሻ፣ ሁለተኛውን በነሐሴ ወይም በመስከረም መጨረሻ ያድርግ፤ ብዙ ኮሌጆች ከሁለቱ ቀን የተሻለውን ሒሳብና የተሻለውን እንግሊዝኛ አጣምረው ይይዛሉ። የቅድሚያ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ጥቅምት 22፣ መደበኛው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል። 1450ን በተመለከተ ሒሳቡን 750፣ እንግሊዝኛውን 700 ብሎ ከፍሎታል። ሰባት መቶውን በመጀመሪያው ፈተና ሳይሆን በሁለተኛው እንዲጠብቁት ነግሯታል። መምህርቷም የሁለተኛውን ልምምድ ውጤት ይዛ በዚሁ ክር እንደምትመለስ ቃል ገብታለች።